የፊትዝሮይ የመጨረሻው ምርጥ ተጫዋች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ማርቲን ፓይክ ስለሚባል የአውስትራሊያ ፉትቦል ተጫዋች ነው። ሜልበርን ለምንኖር ሐበሾች እንኳ እምብዛም የማይታወቅ ስም ነው። ዓመታቱንም ወራቱንም የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ወደዚህ ሰው ታሪክ የመራኝ አንድ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመጋዘን ሥራ አመልክቼ ስቀርብ፣ ጠያቂው የሥራ ልምድ ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ «በ6 ዓመት ውስጥ አራት ቦታ ቀይረሃል፤ አንድ ቦታ መርጋት ያስቸግርሃል?» አለኝ። ከአራቱ አንዱ ድርጅት ተዘግቶ፣ ሌላው ሠራተኛ ቀንሶ እንደ ነበር ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ወረቀቱ ግን የገባሁበትንና የወጣሁበትን ቀን እንጂ ማን ማንን እንደ ተወ አይናገርም። ሥራውንም አላገኘሁም። ይህን በምሳ ሰዓት አብረውኝ ይሠሩ ለነበሩ አንድ አዛውንት አውስትራሊያዊ ባጫውታቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የፓይክን ስም አነሡልኝ። እርሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የፊትዝሮይ ክለብ ደጋፊ ነበሩ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው፤ በእያንዳንዱ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱ በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መሀል ተመትቶ ካለፈ 6 ነጥብ፣ በጎንና በጎን ባሉት አጫጭር ቋሚዎች በኩል ካለፈ ደግሞ 1 ነጥብ ያስገኛል። ሜልበርን ውስጥ ክለቦቹ በአብዛኛው የሰፈር ስም የያዙ ስለሆኑ፣ ልጅ ክለቡን ከአባቱ ይወርሳል እንጂ አይመርጥም። ስለዚህም ዕድሜ ልኩን ባንድ ማልያ የተጫወተ ሰው ልዩ ክብር አለው፤ ከክለብ ክለብ የዞረ ሰው ግን፣ ችሎታው ቢመሰከርለትም፣ ስሙ ሲነሣ አንድ ጥያቄ አብሮት ይነሣል።

ፓይክ አራት ማልያ ለብሷል። የደቡብ አውስትራሊያ ልጅ ሲሆን፣ በዚያው ከኖርዉድ ክለብ ተነሥቶ በ1993 ለሜልበርን ክለብ መጫወት ጀመረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ 24 ጨዋታ አድርጎ ወደ ፊትዝሮይ ተዛወረ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ቀሪው ታሪኩ ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

ፊትዝሮይ በ1883 የተመሠረተ፣ በ1897 ሊጉን ካቋቋሙት ክለቦች አንዱ የሆነና 8 ጊዜ ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው። ፓይክ ሲደርስ ግን ገንዘብ አልነበረውም፤ የራሱ ሜዳም አልነበረውም። በሰው ሜዳ፣ እዚሁ እኛ ሰፈር ፉትስክሬይ በሚገኘው ዊተን ኦቫል ነበር እንግዶቹን የሚቀበለው። እሑድ እሑድ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ቡናዬን ጠጥቼ በባርክሊ ጎዳና ሽቅብ ስሄድ የማገኘው ያው ሜዳ ነው። አንድ የክረምት ቀን አጥሩን ተደግፌ ባዶውን ሣር እያየሁ ቆሜ፣ ንፋሱ ከኮቴ ሥር ገብቶ ሲያንዘፈዝፈኝ፣ በየሳምንቱ እንደሚሸነፍ እያወቀ እዚህ መጥቶ የሚቆም ደጋፊ ምን ያህል ይወድ እንደ ነበር አሰብሁ። በ1995 ክለቡ ካደረጋቸው 22 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሁለቱን ነው፤ በ1996 ደግሞ አንዷን ብቻ፣ እርስዋንም ፍሪማንትልን።

በዚያ በ1996 ክለቡ ናኡሩ ከምትባለው የፓስፊክ ደሴት አገር የተበደረውን ገንዘብ መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። መጀመሪያ ከኖርዝ ሜልበርን ጋር ለመዋሐድ ድርድር ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ሌሎቹ ክለቦች የሚፈጠረው ቡድን እጅግ ይበረታብናል ብለው ስለ ሰጉ፣ ሐምሌ ወር መጀመሪያ ላይ ከብሪዝበን ቤርስ ጋር እንዲዋሐድ ተወሰነ። ተጫዋቾቹ ግን የወደፊታቸውን ሳያውቁ ቀሪዎቹን ሳምንታት መጨረስ ነበረባቸው። በሜልበርን ከተማ ባደረጉት የመጨረሻ ጨዋታ በሪችመንድ በ151 ነጥብ ተሸነፉ፤ በሳምንቱ፣ መስከረም 1 ቀን፣ አገሩን አቋርጠው ፐርዝ ድረስ በረው በፍሪማንትል በ86 ነጥብ ተሸንፈው ፊትዝሮይ ከሊጉ ለዘላለም ወጣ።

የዚያ ዓመት የፊትዝሮይ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ማርቲን ፓይክ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ይህ ነው። ነገ በማይኖር ክለብ ውስጥ፣ ከ22 ጨዋታ አንዷን ብቻ ባሸነፈ ቡድን ውስጥ፣ ከሁሉ የበለጠ የሠራ ሰው ማለት ነው። በድል ጊዜ ጎልቶ መታየት ብዙዎች ይችሉበታል፤ መዝጊያው ቀን የታወቀለትን ቤት ግን በየጠዋቱ እየጠረገ የሚኖር ሰው ጥቂት ነው። እኔ ራሴ ሊዘጋ የተቃረበ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁና የመጨረሻዎቹ ሳምንታት እጅ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ከዚያስ? ከውሕደቱ የተፈጠረው አዲሱ ክለብ፣ ብሪዝበን ላየንስ፣ ከፊትዝሮይ 8 ተጫዋቾች ሲመርጥ፣ የዓመቱ ምርጥ ከስምንቱ መካከል አልነበረም። ፓይክ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየተራ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ወደ ኖርዝ ሜልበርን ሄደ፤ ያም በዚያው ዓመት ሻምፒዮን የሆነውና ከፊትዝሮይ ጋር ሊዋሐድ ጥቂት ቀርቶት የነበረው ክለብ ነው። በዚያ 81 ጨዋታ አድርጎ፣ በ1999 የፍጻሜ ጨዋታ ካርልተንን በ35 ነጥብ ካሸነፈው ቡድን ጋር የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት አገኘ። በ2000 መጨረሻ ግን ክለቡ አሰናበተው። ያን ጊዜ በእጁ የነበረው ታሪክ ሦስት ክለብና ሦስት መለያየት ነበር፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው ቢያገኘው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀው ነበር ብዬ አምናለሁ።

አራተኛው በር የተከፈተለት በብሪዝበን ነው። ከአራት ዓመት በፊት ያልመረጠው ያው ክለብ፣ አሁን በሊ ማቲውስ አሠልጣኝነት፣ ወሰደው። በ2001 ኤሰንደንን በ26 ነጥብ፣ በ2002 ኮሊንግዉድን በዝናብ መሀል በ9 ነጥብ፣ በ2003 እንደገና ኮሊንግዉድን በ50 ነጥብ አሸንፈው ሦስት ተከታታይ ሻምፒዮንነት ሲያነሡ፣ ፓይክ በሦስቱም ተሰልፏል። ከእርሱ ጋር ሌሎች ሁለት የቀድሞ የፊትዝሮይ ልጆች፣ አላስቴር ሊንች እና ክሪስ ጆንሰን፣ ነበሩ። ፓይክ በ2005 ጫማውን ሲሰቅል 247 ጨዋታና 4 ሻምፒዮንነት ነበረው፤ ከጨዋታዎቹም 106ቱ ለብሪዝበን የተደረጉ ናቸው። «አንድ ቦታ አይረጋም» የተባለ ሰው አምስት ዓመት አንድ ቦታ ረጋ።

ስለ መዝሙሩ ሳልናገር አላልፍም። በዚህ ጨዋታ የክለቡ መዝሙር የሚዘመረው ሲያሸንፉ ነው። የፊትዝሮይ መዝሙር ዜማው ከፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር የተወሰደ ሲሆን፣ ብሪዝበን ላየንስ በውሕደቱ ከአንበሳው ምልክት ጋር ያን ዜማ ወርሶ ቃላቱን ለውጦታል። ፊትዝሮይ በሁለት ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ ብቻ የዘመረውን ዜማ፣ ፓይክ በብሪዝበን ከየድሉ በኋላ ዘምሮታል።

አዛውንቱ ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፉት ጠየቅኋቸው። ክለባቸው ከሞተ በኋላ አምስት ዓመት ጨዋታ አላዩም ነበር፤ በ2001 የፍጻሜ ቀን ግን እናታቸው በልጅነታቸው የሠሩላቸውን ጠቆር ያለ ቀይና ሰማያዊ የሱፍ ስካርፍ ከቁም ሣጥን አውጥተው፣ ለብቻቸው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ፊሽካው ተነፍቶ ፓይክና ጓደኞቹ ተቃቅፈው ሲዘምሩ እርሳቸውም ከወንበራቸው ተነሡ። አዲሶቹን ቃላት አያውቋቸውም ነበር፤ በድሮዎቹ ቃላት እስከ መጨረሻው ዘመሩ።