የአባታችን ጓሮ፦ በአርባ ቀን መታሰቢያቸው የቀረበ ንግግር

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ ውድ ዘመዶቻችን፣ የዕድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችንና የአባታችን የሥራ ባልደረቦች፤ የሐምሌ ዝናብና ጭቃ ሳይበግራችሁ ለአባታችን አርባ ቀን መታሰቢያ ስለተገኛችሁ፣ በእናታችን፣ በወንድሞቼና በእህቶቼ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። በሐዘናችን ዕለት ድንኳን የተከላችሁ፣ ሌሊቱን አብራችሁን ያነጋችሁ፣ ለለቀስተኛው ምግብና ውሃ ያቀረባችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።

የአባታችን የሕይወት ታሪክ በቀብራቸው ዕለት ስለተነበበ፣ የተወለዱበትን፣ የተማሩበትንና የሠሩበትን ዛሬ አልደግመውም። እኔ የምናገረው በዚያ ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ አንድ ነገር ነው፦ አባታችን በዚህ ግቢ ውስጥ ለራሳቸው ብለው የተከሉት ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ተክል የሚበላው፣ የሚያሸተው ወይም የሚጠለልበት ሰው አስቀድሞ ታስቦለት የተተከለ ነው። ጤና አዳሙ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ የበቀለው እናታችን ያለ እርሱ ቡና ስለማይጥማቸው ነው። ጌሾው ለማኅበሩ ጠላ፣ ዳማ ከሴው ምች ለሚመታው የሰፈር ልጅ፣ ከመንገዱ ዳር ያለው ጽጌረዳ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ለሚያልፉ ተማሪዎች ነበር። አበባውን እየቀጠፉ ሲሄዱ የምናይ እኛ ስንቆጣ፣ እርሳቸው ግን በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ጽጌረዳ ከአጥሩ ውጭ ጨመሩ።

የእናታችን ጉልበት መታመም በጀመረ ጊዜ፣ ጎንበስ ብለው ጎመን መቅጠፍ ተሳናቸው። አባታችን ስለ ጉዳዩ ምንም ሳይናገሩ ከሥራ መልስ ድንጋይ ሲያመላለሱ ሰነበቱ። ከዚያም እስከ ወገብ የሚደርስ ካብ ሠርተው፣ ውሃው እንዲወርድ ከሥሩ ጠጠር፣ ከላዩም ፍግና ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈር ሞልተው፣ ጎመኑን፣ ቆስጣውንና በሶብላውን ወደዚያ አዛወሩት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እናታችን ቀጥ ብለው ቆመው ይቀጥፋሉ። እኔ በግሌ ስለ ትዳር ከሰማሁት ምክር ሁሉ ያ የድንጋይ ካብ ይበልጥብኛል፤ እማዬ፣ አንቺም እንደዚያው እንደምታስቢ አውቃለሁ።

ለእኛ ለልጆቻቸው ደግሞ ጓሮው የምክር ቦታችን ነበር። አባታችን ከአንዳችን ጋር ከበድ ያለ ነገር መነጋገር ሲፈልጉ ሳሎን አስቀምጠው አያውቁም፤ «ነይ፣ አብረን እንረም» ይሉን ነበር። ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ሥራ መልቀቅ፣ ስለ ጋብቻ የተነጋገርነው ሁሉ መሬት መሬቱን እያየን፣ እጃችን አረም እየነቀለ ነው። ዓይን ለዓይን መተያየት ስለማያስፈልግ፣ ለማንም ያልነገርነውን ለእርሳቸው መናገር ይቀለን ነበር። እርሳቸውም ቶሎ አይመልሱም፤ አንዳንዴ መልሳቸው የሚመጣው መደቡ ታርሞ ካለቀ በኋላ ነበር።

ስለ አፕሎቹ ሳልናገር አላልፍም። ጋሞ ውስጥ ያለችው ጨንቻ በአፕሏ የታወቀች ናትና፣ አባታችን የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ያስመጡት ከዚያ ነው፤ አፕል ብርድ ስለሚወድ የእንጦጦ ግርጌ ይስማማዋል ብለው አመኑ፣ እምነታቸውም ትክክል ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን በራሳቸው ግቢ ያለው አፕል በየዓመቱ ቢያብብም ፍሬ ስለማይዝ ሊያስቆርጡት እንደሆነ ነገሯቸው። አባታችን «እባክዎ አያስቆርጡት፣ ብቻውን ስለሆነ ነው» አሏቸው። አብዛኞቹ የአፕል ዓይነቶች በራሳቸው ብናኝ በሚገባ አያፈሩምና፣ ንቦች ከሌላ ዓይነት አፕል ብናኝ ሊያመጡላቸው ይገባል። እናም በእኛ በኩል ከአጥሩ ሥር፣ በተመሳሳይ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዓይነት ተከሉና ጠበቁ። የጎረቤታችን ዛፍ ያፈራው የእኛው አድጎ ካበበ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ፍሬ በሰፌድ ይዘው የመጡት እኒያ እናት ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋል።

የአገራችንን ዛፎችም እንደዚሁ በትዕግሥት ያሳድጉ ነበር። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር እንዳዳናት ሁልጊዜ ይመሰክሩለት ነበር፤ ሆኖም ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶውና ዝግባው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ያሳዝናቸው ነበር። ስለዚህ ካህናቱን አስፈቅደው ከቅጥሩ የወደቀ ዘር ይለቅሙ ነበር። የወይራን ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ውስጡን ሳይጎዱ በቀስታ ይሰነጥቁታል፤ ደቃቁን የኮሶ ዘር ደግሞ ሳይቀብሩ በአፈሩ ላይ በተን አድርገው ብቻ ያጠጡታል። የልጅ ልጆቻቸውንም ከ700 ሄክታር በላይ ወደሚሰፋው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይወስዷቸው ነበር። ልጆቹ ዛሬ በመንገድ ላይ ያገኙትን ዛፍ በስሙ የሚጠሩት በዚያ ምክንያት ነው።

በመጨረሻዎቹ ወራት መቆም ሲያቅታቸው፣ ወንበር ወደ ጓሮው አውጥተንላቸው እጃቸውን እየጠቆሙ ያሠሩን ነበር። በግንቦት ወር፣ ሕመማቸው ጠንቶ እያለ፣ አምና የዘሯቸውን የወይራና የኮሶ ችግኞች ከትንሹ ወደ ትልቁ ፕላስቲክ እንድናዛውር አዘዙን። ለማን እንደሆኑ ስንጠይቃቸው «ሰው ይመጣል» አሉን። እኛ የዘወትር ጠያቂዎቻቸውን ማለታቸው መስሎን ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የዛሬውን ቀን ማለታቸው ይመስለኛል።

ስለዚህ ቤተሰቡ ተመካክሮ ችግኞቹን ለእናንተ ለማካፈል ወስኗል፤ ከበሩ በስተቀኝ ተደርድረዋልና ስትወጡ ውሰዱ። ዝናቡ ሳያባራ፣ ቢቻል በዚሁ ሳምንት ይተከሉ። ስትተክሉ ፕላስቲኩን ቅደዱት እንጂ ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ ሥሩን የያዘው አፈር እንዳይበተን። ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ሲያቆም፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ አታሳጡት። እርሳቸው ያዳቀሏቸው የአፕል ችግኞች ጥቂት ናቸውና፣ አፕል የምትወስዱ ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ ውሰዱ፤ ለሁለት የሚበቃ ቦታ የሌላችሁ ደግሞ አንዱን ለጎረቤታችሁ ስጡ።

እግዚአብሔር ያክብርልን።