የጉዳት ጡረታና የምክር ቤት ወንበር

(ምስል፦ ጠዋት፣ ሂርማታ መርካቶ። ዝናቡ ገና አባርቷል። ባጃጆች ጭቃ ሸሽተው ጥግ ይዘዋል፤ አንድ ጎልማሳ በክራንች መንገዱን ይሻገራሉ።)

ጤና ይስጥልን። እንበልና በጅማ ከተማ በአንድ የግል ድርጅት የቡና መጋዘን ለአሥራ አምስት ዓመታት ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው፣ ከቁልሉ የተንሸራተተ ጆንያ ወገባቸውን መትቷቸው፣ የሕክምና ቦርድ ለሥራ ብቁ እንዳልሆኑ ስለመሰከረላቸው በየወሩ የጉዳት ጡረታ አበል ይቀበላሉ። ሰፈርተኛው ጋሼ ይላቸዋል፤ የዕድር ዳኛም ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ለምክር ቤት እንዲወዳደሩ በጠየቋቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ «መድረክ ላይ ቆሜ ስናገር ያየኝ ሰው፣ ይኼማ ድኗል ብሎ አበሌን ቢያስቆርጥብኝስ?»

ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ስለሚያጣምር ለየብቻ ማየት ይገባል።

(ምስል፦ በላስቲክ የተሸፈነ፣ ጠርዙ የተላላጠ የሕክምና ቦርድ ወረቀት።)

የመጀመሪያው ጥያቄ የመወዳደር መብት ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያለ ልዩነት በየትኛውም የመንግሥት እርከን የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 29 ይህንኑ ያጠናክራል። በምርጫ ሕጉ አንድን ሰው ከእጩነት የሚያግደው መብቱ በሕግ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ የተገደበ እንደሆነ ነው፤ የሕክምና ቦርድ ወረቀት ደግሞ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። ቦርዱ የመሰከረው ሰውየው ከእንግዲህ ጆንያ ተሸክመው ሊያድሩ እንደማይችሉ እንጂ ስለ ሰፈራቸው ውኃና መንገድ ሊያስቡ እንደማይችሉ አይደለም። ይህን ልዩነት አንዳንድ የቢሮ ሠራተኞች ጭምር ሲያምታቱት ይስተዋላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ነው፤ ጥንቃቄ የሚያሻውም እዚህ ላይ ነው። እጩ ሆኖ መመዝገብ፣ ቅስቀሳ ማድረግና ንግግር ማሰማት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አይደለም። በቀበሌና በወረዳ ደረጃ አብዛኛው የምክር ቤት አባል ስብሰባ ሲጠራ ተገኝቶ የሚመለስ ሰው እንጂ ደመወዝተኛ አይደለም። ነገሩ የሚለወጠው የተመረጠው ሰው በቋሚነት ቢሮ ገብቶ ደመወዝ ወደሚቀበልበት ኃላፊነት፣ ለምሳሌ ወደ አፈ ጉባኤነት ወይም ወደ ካቢኔ፣ የተመደበ እንደሆነ ነው። የጡረታ አበልና የመንግሥት ደመወዝ ጎን ለጎን ይሄዳሉ ብሎ ከመገመት ይልቅ፣ ሹመቱን ከመቀበል በፊት አበሉን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጥያቄ አቅርቦ፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ተቀብሎ ከሕክምና ቦርዱ ወረቀት ጋር ማስቀመጥ ይበጃል። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ የነበረ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ስለሚታይ፣ ጋሼ መጠየቅ ያለባቸው ሁለተኛውን የሚያስፈጽመውን መሥሪያ ቤት ነው። በቃል «ችግር የለውም» መባል ዋስትና አይሆንም፤ ቃሉን የሰጠው ሠራተኛ በሚቀጥለው ወር ተዛውሮ ሊገኝ ይችላል።

በዚህ ረገድ አሜሪካ ካለ ዘመድ በስልክ የሚሰማ ምክር ሰውን ሲያሳስት እናያለን። እዚያ በገቢ ማነስ ለሚረዱ አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ፣ አንድ ሰው የሚይዘው ጥሪት በመሠረቱ ከ2,000 ዶላር እንዳይበልጥ ስለሚገድብ፣ ተረጂው በባንክ ደብተሩ ያለችውን ሳንቲም ሳይቀር እየቆጠረ ይኖራል። ይህ የእዚያ አገር ሕግ ነው። የእኛ ጡረታ ከደመወዝ በተቆረጠ መዋጮ ላይ የተመሠረተ እንጂ ድህነትን በመመርመር የሚሰጥ አይደለም።

(ምስል፦ ወደ ጅሬን የሚወጣው ዳገት። በሩቁ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይታያል።)

ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው ዳገቱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወይም ለክልል ምክር ቤት በግል የሚወዳደር ሰው 5,000 የድጋፍ ፊርማ እንዲያሰባስብ ሲያዝ፣ ለአካል ጉዳተኛ እጩ ቁጥሩን ወደ 3,000 ዝቅ አድርጎታል። በቀን ሃምሳ ፊርማ ቢገኝ እንኳ ስድሳ ቀን ይፈጃል። በክረምት ጅማ በክራንች ስድሳ ቀን መውጣትና መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቀዋል፤ ክራንቹ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ነቅሎ ማውጣቱ ብቻውን ትከሻ ይጨርሳል። ስለዚህ ቤት ለቤት ከመዞር ይልቅ ሰው በተሰበሰበበት፣ ማለትም በዕድር ድንኳን፣ በቡና ላይና በገበያ ቀን ፊርማ መጠየቅ ጉልበት ይቆጥባል።  አዋጁ ማሻሻያ ስለወጣለት ምዝገባ ሲከፈት ወቅታዊውን ቁጥር ከምርጫ ቦርድ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለጅማ አማርኛ ተናጋሪ ሌላም ቅድመ ሁኔታ አለ። እጩው ሃያ አንድ ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ የኖረና የክልሉን ወይም የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ የሚያውቅ መሆን ይጠበቅበታል፤ የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ነው። በመርካቶ ሲነግዱ ያደጉ ብዙዎች ቋንቋውን አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ በቁቤ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ማንበብ ላይ ሲደርሱ ግን የሚንተባተቡ አሉ። ምርጫው እስኪታወጅ ልጆቻቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ንባቡን ቢለማመዱ ነውር የለበትም። ጊዜም አለ፤ የአካባቢ ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀጣዩ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ሲገባው ተራዝሟል።

(ምስል፦ ጠባብ የሲሚንቶ ደረጃ፣ መደገፊያ የሌለው።)

ጋሼ ቢመረጡ የሚገጥማቸው የመጀመሪያ ፈተና ክርክር ሳይሆን ደረጃ ሊሆን ይችላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ ሆነው እንዲሠሩ ያዝዛል፤ ከአዋጁ በፊት የተሠሩ አዳራሾች ግን በየከተማው ሞልተዋል። የመጀመሪያው ጉባኤ ከመጠራቱ አስቀድሞ ስብሰባው ምድር ቤት እንዲሆን በደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። በዚያው ደብዳቤ ላይ መደገፊያ ያለው ወንበርም ይጠየቅ፤ የጅማ በርጩማ ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ ለተጎዳ ወገብ አይሆንም።