ወገቤን ያመኛል፣ ፒላቴስ ልጀምር? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ፦ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ነው የምውለው። ወገቤን ካመመኝ ቆይቷል። ፒላቴስ ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፒላቴስ ማለት ጡንቻን ከትንፋሽ ጋር አቀናጅቶ የሚያሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው፤ ለቆየ የወገብ ሕመም ዝም ብሎ ከመቀመጥ እንደሚሻል ጥናቶች ያሳያሉ። ከሌሎች እንቅስቃሴዎች ሁሉ ይበልጣል ሲሉህ ግን አትመን፣ እሱ አልተረጋገጠም። ሥራው ምን መሰለህ? ሆድህን ዙሪያውን እንደ መቀነት የሚይዝ ጥልቅ ጡንቻ አለ፤ ፒላቴስ እሱን ከትንፋሽህ ጋር አቀናጅተህ እንድታዘው ያለማምድሃል። ስለዚህ ቀስ በል። ተጠንቅቀህ የሠራኸው 5 ጊዜ፣ ተንደርድረህ ከሠራኸው 30 ይበልጣል። ሕመሙ ወደ እግርህ ወርዶ የሚያደነዝዝህ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ደግሞ ነገ አትበል፣ ዛሬውኑ ሂድ።

አድማጭ፦ እኔ ማሽን የለኝም፣ ቤት ውስጥ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል እንጂ! ዘዴውን የፈጠረው ጀርመናዊው ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጣቸው 34 እንቅስቃሴዎች ምንጣፍ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ሪፎርመር የሚሉት ባለ ሞላ ማሽን ጥሩ ነው፣ ግዴታ ግን አይደለም። “መቶው” የሚባለውን ሞክሪው፦ በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ጭንቅላትሽን ቀና አድርገሽ፣ የተዘረጉ እጆችሽን ከጎንሽ ትንሽ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረግሽ እስከ 5 እየቆጠርሽ አየር ታስገቢያለሽ፣ እስከ 5 እየቆጠርሽ ታስወጫለሽ። እንዲህ 10 ዙር ሲሆን መቶ ሞላ። አንገትሽን ካመመሽ ጭንቅላትሽን መሬት ላይ አሳርፊው፣ ምንም አይጎድልብሽም። ትንፋሽሽን አምቀሽ ካገኘሽው ግን ከብዶሻል ማለት ነው፣ ዙሩን ቀንሺ።

አድማጭ፦ ክብደትስ ይቀንሳል?

መልስ፦ ብቻውን ብዙም አይቀንስም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል። ፒላቴስ ለጡንቻው ያግዝሃል፣ እርምጃውን ግን አትተው።

አድማጭ፦ እናቴ አጥንታቸው ሳስቷል ተብለዋል። አብረውኝ ቢሠሩስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሥሩ፣ ግን እዚህ ላይ በጣም ጠንቀቅ በይ። ወደፊት ተጠቅልሎ መነሳት፣ በጀርባ መንከባለል፣ ወገብን በኃይል መጠምዘዝ ለእሳቸው አይሆንም፣ የሳሳ አከርካሪ በዚህ ሊሰበር ይችላል። ሐኪማቸው ከፈቀደ በሆድ ተኝቶ ደረትን በትንሹ ማንሳትና ግድግዳ ይዞ የሚዛን ልምምድ ይሻላቸዋል። አሰልጣኙ ስለ አጥንታቸው አንድም ሳይጠይቅ ላስጀምራቸው ካለ ሌላ ፈልጉ።