የተማሪ ሹራብ ታጥቦ እጅጌው ለምን ይረዝማል?

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ሰማያዊ የተማሪ ሹራብ። ሁለቱ እጅጌዎች ጎን ለጎን።)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይቺን ሹራብ እዩልኝ። ግራና ቀኝ እጅጌዋ እኩል አይደለም። ልዩነቱ 3 ሴንቲ ገደማ ነው። የሠራናት እኛ ነን፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ባለችው ትንሽ ወርክሾፓችን። ስናስረክብ እኩል ነበረች፤ በሜትር ለክተናል። አንዴ ታጠበች፣ እናትየው ይዛት መጣች። «ልጄ፣ አንዱ እጅጌ የልጅቷን እጅ እኮ ዋጠው» አለችኝ። አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

ምክንያቱን ለማግኘት ሹራቧን መፍታት ነበረብኝ። ከመፍታታችን በፊት ግን ሹራብ ምን እንደሆነ እንይ።

(ምስል፦ ባና የሚሸምን ሸማኔ እጅ፣ ከዚያ የሹራብ ማሽን።)

ሰሜን ሸዋ ላይ የሙቀት ልብስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው መንዝ ነው። የበግ ጠጉሩ፣ ባናው፣ ዝተቱ። ደብረ ብርሃንም በብርድ ልብሷ ትታወቃለች። እነዚህ ሁሉ ግን ሽመና ናቸው። ድር አለ፣ ማግ አለ፣ ሁለቱ ይጠላለፋሉ፣ ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሹራብ ላይ ድር የለም። አንድ ክር ብቻ ራሱን እየጠቀለለ ቀለበት ይሠራል፣ አዲሱ ቀለበት በአሮጌው ውስጥ ያልፋል፣ እንዲህ እያለ እስከ አንገት ይደርሳል። ስንስበው የሚለጠጠው ቀለበቱ ቅርጹን ስለሚቀይር ነው፤ ክሩ ራሱ ብዙም አይለጠጥም። ስንለቀው ይመለሳል። የሹራብ ጥቅሙም ጣጣውም ከዚህ ይመጣል።

ማሽናችን በእጅ የሚገፋ ነው። መርፌዎቹ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው፣ መንጠቆውን የምትዘጋና የምትከፍት ትንሽ ምላስም አለችው። ይህች ባለ ምላስ መርፌ እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት የተመዘገበላት እንደ ፈረንጆቹ በ1849 ነው፤ ዛሬም ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ውስጥ ቲሸርት የሚሠሩት ክብ ማሽኖች በአብዛኛው በእሷው ይሠራሉ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁ ለትንሹም ለትልቁም ነው።

(ምስል፦ ሁለት ብልሽት ያለባቸው ቁራጮች። አንዱ ላይ ቁልቁል መስመር፣ አንዱ ላይ አግድም።)

ሠራተኛ ስቀጥር መጀመሪያ የማሳየው ይህን ነው። መስመሩ ቁልቁል ከሆነ መርፌውን ጠርጥር። አግድም ከሆነ ክሩን። ለምን? አንድ መርፌ ሁልጊዜ የሚሠራው አንድ ዓምድ ነው፤ ምላሷ ከታጠፈ ወይም መንጠቆዋ ከተበላ ጥፋቷን ከላይ እስከ ታች ትደግመዋለች። ክሩ ደግሞ የሚሄደው በረድፍ ነው። ወፍራምና ቀጭን ከሆነ፣ ውጥረቱ ከተቀያየረ፣ ወይም የሌላ ሎት (በአንድ ጊዜ አብሮ የተቀለመ ክር) ኮን (የክር ጥቅል) ከተቀላቀለ አግድም ዥጉርጉር ይወጣል። ብልሽቱ የት እንደተወለደ ራሱ ይነግራችኋል። እኛ ጋ ድሮ ልማዱ ሌላ ነበር። የፍተሻ ጠረጴዛው ጋ የቆመችው ልጅ ቀዳዳ ስታገኝ በመርፌና በክር ትጠግነውና ታሳልፈዋለች፣ ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ ሳይሰማ ያንኑ ቀዳዳ ሲሠራ ይውላል። አሁን ቀዳዳ የተገኘበት ቁራጭ መጀመሪያ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። መርፌው ይቀየራል፣ ከዚያ ነው የሚጠገነው።

የሎት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ዓይነት ሰማያዊ የሚመስሉ ሁለት ኮኖች በተለያየ ቀን ተቀልመው ከሆነ ልዩነታቸው ሱቅ ውስጥ አይታይም። የአምፖል ብርሃን ይሸውዳል። አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ ስታዩት አንዱ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ስለዚህ ክር ስትገዙ በር ላይ ወጥታችሁ እዩ፣ ኮኑ ላይ የተጻፈውን የሎት ቁጥርም መዝግቡ። አንድ ሹራብ ከአንድ ሎት ይሠራል። ሁለት ሎት ማስገባት ግድ ከሆነ አንዱን ትምህርት ቤት በአንዱ ጨርሱ እንጂ ሰውነቱን ከአንዱ፣ እጅጌውን ከሌላው አታድርጉ።

(ምስል፦ በውርጭ የነጣ ሣር፣ የጠዋት ጭጋግ።)

እዚህ የአየሩ ነገርም አለ። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በበጋ ውርጭ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ደረቅ አየር ላይ በኤሌክትሪክ ይሞላል፣ ብናኙ ይጣበቃል፣ ክሩ ማሽኑ ላይ በሚያልፍበት መሪ ላይ ይጠመጠማል። እኛ ወለሉን ውኃ እንረጫለን፣ ክሩንም በሰም ላይ እናሳልፋለን። ልዩነቱ በአንድ ቀን ታይቷል። የጨርቅ ላቦራቶሪዎች ናሙናን በ20 ዲግሪና በ65 በመቶ እርጥበት ክፍል ውስጥ አሳድረው የሚለኩትም የአየሩ ጉዳይ ቀላል ስላልሆነ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ የመንዝ ጠጉር ቤት ውስጥ ለምታቀልሙ። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የበግ ጠጉር ቀለም ግን ወደ 100 የሚጠጋ ሙቀት ይወዳል። በክፍት ድስት የምትሠሩ ከሆነ ሰዓቱን አርዝሙት።

(ምስል፦ መቀስ የእጅጌውን ስፌት ሲከፍት፣ ክር ሲተረተር።)

አሁን ወደ እጅጌው። ሹራብ ደግነቱ ይፈታል፤ ሽመና እንዲህ አይፈታም። ከእያንዳንዱ እጅጌ አንድ ረድፍ ላይ 50 ቀለበት ቆጠርኩ፣ ዳርና ዳሩን ምልክት አደረግኩ፣ ክሩን ተረተርኩት፣ ቀጥ አድርጌ ለካሁት። አንዱ 50 ሴንቲ ሆነ። ሌላው 53። ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። ሁለቱ እጅጌዎች የተሠሩት በሁለት ማሽን ነው። የማሽኖቹ የቀለበት መጠን ማስተካከያ አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ነበር፣ ግን አንዱ ማሽን አርጅቷል፣ ቀለበቱን ላላ ያደርገዋል። በአንድ ቀለበት ሲታይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ልዩነቱ ግን 6 በመቶ ነው። የረድፉ ብዛት እኩል ስለሆነ 45 ሴንቲ የሚሆን እጅጌ ላይ ወደ 3 ሴንቲ ይመጣል።

ታዲያ ስናስረክብ ለምን እኩል ሆነ? ጥፋታችን እዚህ ጋ ነው። ከመስፋታችን በፊት ቁራጮቹን በካርቶን ልክ ላይ ዘርግተን፣ አጭሩን ሳብ፣ ረጅሙን ሰብሰብ አድርገን፣ ካውያ እናሳርፍበት ነበር። ሜትሩ የለካው የእጃችንን ጉልበት ነው። ውኃ ሲነካው ሁለቱም ወደ ራሳቸው ልክ ሄዱ።

አሁን የምናደርገው ይህን ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እያንዳንዱ ማሽን ትንሽ ቁራጭ ይሠራል፣ 50 ቀለበት ተተርትሮ ይለካል፣ ውጤቱ ማሽኑ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጻፋል። አምስት ደቂቃ ነው። የማስተካከያው ቁጥር የሚለውን አናምንም፣ ክሩ የሚለውን ነው። ሁለቱም እጅጌ ከአንድ ማሽን ይወጣል። ማሽን ላይ ጨርቁ በክብደት ተስቦ ስለሚወርድ፣ ከወረደ በኋላ ሳይቆለል፣ ሳይሰቀል፣ ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ያርፋል። ፋብሪካዎችም የቲሸርት ጨርቅ ከጥቅሉ ተፈትቶ ሳያርፍ አይቆርጡም፤ የቸኮለ ቆርጦ ከታጠበ በኋላ ልኩ የሚቀየር ቲሸርት ይሸጥላችኋል።

ለአዲስ ክር ደግሞ ናሙና እናጥባለን። በ50 ሴንቲ ርቀት ሁለት ምልክት፣ ማጠብ፣ አግድም ዘርግቶ ማድረቅ፣ እንደገና መለካት። 47 ከሆነ 6 በመቶ ገብቷል ማለት ነው፣ ያንን አስቀድመን በረድፉ ብዛት ላይ እንጨምራለን።

ክብደቱንም እንይ። ፋብሪካዎች 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ክብ የሚቆርጥ መሣሪያ አላቸው፤ የቁራጩ ግራም በ100 ሲባዛ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ይሆናል። እኛ 10 በ10 ሴንቲ በመቀስ ቆርጠን ወርቅ ቤት ወስደን አስመዘንን። ወርቅ ሠሪው ግራ ተጋባ፣ ግን መዘነልን። ክብደቱ ከናሙናው ከቀነሰ ወይ ቀለበቱ ላልቷል ወይ ክሩ ቀጥኗል።

(ምስል፦ ሹራቦች የተደረደሩበት ጠረጴዛ።)

የመጨረሻው ፍተሻ ላይ ብዙ አልቆይም። ገዢዎች በብዛት የሚጠቀሙበት የናሙና ሰንጠረዥ አለ፤ ለምሳሌ ከ200 ሹራብ 32 በዘፈቀደ ይወጣል፣ 2 ጉልህ ብልሽት ያለባቸው ቢገኙ ይታለፋል፣ 3 ከተገኘ ሁሉም ይመለሳል። ለትልቅ ጭነት ጥሩ ነው። ለተማሪ ሹራብ ግን ሁሉንም አዩ። በተለይ አንገቱን በሁለት እጅ ለጠጥ አድርጉት። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የስፌቱ ክር ተበጥሷል፤ ጨርቁ ሲለጠጥ ስፌቱ እምቢ ብሏል። ልጅቷ ጠዋት በብርድ ተቻኩላ ጭንቅላቷን ስታስገባ ከሚበጠስ፣ እናንተ ጋ ይበጠስ።

እናትየዋ አዲስ ሹራብ ወስዳለች። ከመስጠቴ በፊት አጥቤ፣ አድርቄ፣ ፊቷ ለካሁት። አሮጌዋ ይኸው ናት፣ አንድ እጅጌዋ ተተርትሮ፣ 53 የሚል ወረቀት ተለጥፎባት ከአሮጌው ማሽን በላይ ተሰቅላለች።