በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሊቀመንበሩ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከወረዳው የመጣችሁ ተወካዮች፣ በየማለዳው ጋሪ እየገፋችሁ ከየደጃችን ቆሻሻ የምታነሡ የጽዳት ሠራተኞች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም አመሰግናለሁ። የሥራ ሪፖርቱ በጽሑፍ ስለደረሳችሁ አላነበውም። የቆሻሻ መለያ መጋዘናችን ጣሪያ መታደሱን፣ በየሕንፃው ሥር ጆንያዎች መቀመጣቸውን፣ በግንፍሌ ወንዝ ዳር የጽዳት ዘመቻ መደረጉን፣ የካርቶንና የሃይላንድ ሽያጭም የመለያ ሠራተኛችንን ደመወዝ ለተወሰኑ ወራት መሸፈኑን ከዚያው ታገኙታላችሁ። እነዚህ ሥራዎች ያኮሩኛል።

ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ኮሚቴውን ሲያወዛግብ የከረመው ጉዳይ በሪፖርቱ ውስጥ የተጠቀሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ጸሐፊያችን በጨዋነት አለስልሰው ጽፈውታል፤ እኔ በግልጽ እናገረዋለሁ። ብዙዎቻችን ቆሻሻ አንለይም። ለካርቶን ብለን ያስቀመጥነውን ጆንያ ስንከፍት ከሥሩ የትናንት ሽሮ የፈሰሰበት ካርቶን፣ ከመሐሉ የሕፃን ዳይፐር፣ ከላዩ ደግሞ ያገለገለ ዘይት የተሞላ ሃይላንድ እናገኛለን። ወረቀት ተመልሶ ወረቀት የሚሆነው በውኃ ተዘፍዝፎና ተፈጭቶ ስለሆነ ቅባት የነካው ካርቶን ሌላውንም ያበላሻል፤ ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ጆንያውን ገለጥ አድርጎ ያይና ሙሉውን ትቶልን ይሄዳል። አሥር ቤት አጥቦና አድርቆ ያወረደው በአንድ ቤት ግድየለሽነት ወደ ቆሻሻ መኪና ይጫናል።

በዚህ ላይ መጋዘኑ ስለሚሸት ይዘጋ የሚል አቤቱታ ፊርማ ተሰባስቦበት ቀርቦልናል። መሽተቱ እውነት ነው፤ አልክድም። የሚሸተው ግን ካርቶኑም ሃይላንዱም አይደለም፤ ንጹሕና ደረቅ ሆነው የመጡ ከሆነ ለወራት ቢቀመጡ ማንንም አያውኩም። የሚሸተው ከፈራሚዎቹም ቤት ጭምር ከሌላው ጋር በአንድ ፌስታል ተቋጥሮ የሚወርደው የምግብ ትርፍራፊ ነው።

ከአቤቱታ አቅራቢዎቹ አንዳንዶቹ፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ እያለ መለየት ለምን ያስፈልጋል ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ መልስ ይገባዋል። የከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትርፍራፊና ልጣጭ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ከመቃጠሉ በፊት ውኃው መትነን ስላለበት ሙቀቱን ይበላል። ብርጭቆና ብረት ጭራሽ አይነዱም። አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚጠይቀው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚፈልግ ሆኖ ሳለ፣ የለስላሳና የቢራ ጣሳን ከሙዝ ልጣጭ ጋር ቋጥሮ መላክ ትልቅ ብክነት ነው። ሳይለይ ተቀብሮ የሚቀረው ትርፍራፊም አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀትን አፍኖ በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ይከፋል። ወደ ግንፍሌ የሚጣለው ደግሞ ከአቃቂ ወንዝ ጋር ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተናደው የቆሻሻ ክምር ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል፤ ያ ክምር ለአሥርት ዓመታት የተቆለለው ከሁላችንም ቤት እየወጣ መሆኑን የምንዘነጋ ካለን ይህ ጉባኤ ያስታውሰን።

ሌላው ያሳዘነኝ፣ ቁራሌው ወደ ግቢ እንዳይገባ ለጥበቃዎች የተሰጠው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ማን እንደሰጠ እስካሁን አልተነገረኝም። ቁራሌውና የልዋጭ ሴቶች እኛ ማኅበር ከመመሥረታችን አስቀድሞ፣ ያለ ስብሰባና ያለ ቃለ ጉባኤ፣ የዚህን ከተማ ብረትና ፕላስቲክ ሲለዩ የኖሩ ናቸው። እነሱ የለቀሙት አሮጌ በርሜል ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃ ይሆናል፤ ያረጀ ጎማም በረባሶ ሆኖ ሲያገለግል አይተናል። ሌብነት ያሰጋል ለሚሉ፣ መታወቂያ አስመዝግበው በተወሰነ ሰዓት እንዲገቡ ማድረግ ይቻላል።

ሕጉንም ላንሣ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው መለየት የቤተሰብ ኃላፊ ግዴታ እንደሆነ ደንግጎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። እኔና እናንተ በፈቃደኝነት እንደምናደርገው ውለታ የምንቆጥረው ነገር ከተደነገገ ቆይቷል።

ዛሬ ላልመጡትም መልእክት አለኝ፤ ጎረቤቶቻቸው አድርሱልኝ። የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ሲነሣ ከሁሉ ቀድመው የፊት ወንበር የሚይዙ አባላት ዛሬ አንዳቸውም አይታዩኝም። ከመካከላቸው ወርኃዊ መዋጮ ካቋረጡ የሰነበቱ አሉ። ለዚህም ነው የመለያ ሠራተኛችን ያለፈው ወር ደመወዝ ዘግይቶ የተከፈላት። እሷ ግን አንድም ቀን ሳትቀር፣ ያላጠብነውን በእጇ እያጠበች፣ በዳይፐርና በተሰባበረ ብርጭቆ መካከል ስትለይልን ከርማለች። ጓንት ግዙልኝ ያለችውን እንኳ ያሟላነው ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ነው። እባካችሁ፣ ማኅበሩን ብትቀየሙም እሷን አስቡ።

ኮሚቴው መጋዘኑ እንዲዘጋ አይደግፍም። በምትኩ ከእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ተጠሪ እንዲመረጥ፣ ለልጣጭና ለቡና አተላ ክዳን ያለው በርሜል ለብቻው ተቀምጦ ለግቢያችን አትክልት ብስባሽ እንዲዘጋጅበት፣ የቆሸሸ ጆንያ የወረደበት ሕንፃም ለዚያ ወር ከሽያጩ ድርሻ እንዳያገኝ ሐሳብ ያቀርባል። በሦስተኛው ሐሳብ ላይ በኮሚቴው ውስጥም ስላልተስማማን ድምፅ የምትሰጡበት እናንተ ናችሁ። ውይይቱ ከሻይ ዕረፍት በፊት እንዲያልቅ ተናጋሪዎች እንድታሳጥሩ እየጠየቅሁ፣ ጠቅላላ ጉባኤው መከፈቱን አስታውቃለሁ።