ሃያ ብዬ የጻፍኩት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

የማወራው ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ ስለ ሃያ። ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ቻርት ስሞላ የትንፋሽ ቦታው ላይ 20 እጽፍ ነበር። ሳልቆጥር። ግፊቱንና ሙቀቱን መሣሪያው ይነግረኛል። ትንፋሽ ግን ቆሞ፣ ደረት እያዩ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይፈልጋል። አንድ ነርስ ለብዙ አልጋ በሆነችበት ሌሊት ያቺ ደቂቃ ከየት ትምጣ? ከእኔ በፊት የነበረችው ተረኛም የጻፈችው 20 ነው።

አንድ ሌሊት ከአጋሮ በኩል የመጣች አራስ ነበረች፤ ትኩሳት ይዟታል። የሚያስታምሟት አባቷ ናቸው። «ሲስተር፣ ትንፋሿ አልፈጠነም እንዴ?» አሉኝ። «አይዞዎት አባቴ፣ ደህና ናት» ብዬ 20 ጻፍኩና አለፍኩ። ሲነጋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች፤ በሦስተኛው ቀን ሕይወቷ አለፈ። ብቆጥር ኖሮ ትተርፍ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን አባቷ ያዩትን እኔ አላየሁም።

ከዓመታት በኋላ ስለ ጽኑ ሕሙማን የተሠሩ ምርምሮችን ማንበብ ጀመርኩ። በ2016 እ.ኤ.አ. የሴፕሲስ፣ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ተዛብቶ የራሱን አካላት የሚጎዳበት ሕመም፣ ትርጉም ሲከለስ ኪው-ሶፋ የሚባል አጭር መለኪያ አብሮ ወጣ። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ትንፋሽ በደቂቃ 22 ወይም ከዚያ በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊት 100 ወይም ከዚያ በታች፣ የንቃት መዛባት። ሁለቱ ከተገኙ የታማሚው አደጋ ከፍ ይላል። 22! ያንን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሳሁ። እኔ በልማድ ስጽፈው የኖርኩት 20 ከመስመሩ ልክ ሁለት ትንፋሽ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ይህ መለኪያም ብቻውን አይበቃም። ብዙ ታማሚ ስለሚያመልጠው የ2021ዱ ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ ብቻውን ለማጣሪያ እንዳይውል መክሯል። በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የጽኑ ሕሙማንን የሞት አደጋ የሚገምተው አፓቺ ሁለት የሚባል መለኪያ ሰፋ ያለ ነው፤ 12 የሰውነት ልኬቶችን፣ ዕድሜንና የቆየ በሽታን ደምሮ እስከ 71 ነጥብ ይሰጣል። ትንፋሽ እዚያም ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ነጥቡ የሚናገረው ግን ስለ ብዙ ተመሳሳይ ታማሚዎች ነው። አባት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ትተርፋለች ወይ?» ሲል የሚጠይቀው ስለ አንዲት ልጁ ነው። ነጥቡን መልስ አድርጌ ሰጥቼው አላውቅም፤ አልሰጠውምም።

ሌላው ልቤን የያዘው በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ፊስት የሚባለው ጥናት ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ከ3,000 በላይ ሕፃናት ተጠኑ። በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ቶሎ መስጠት ያድናል ተብሎ ይታመን ነበር። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከመቶ አሥር ተኩል ያህሉ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው ግን ሰባት ያህሉ። እኛ ዘንድ አስታማሚ ሁሉ «ግሉኮስ ይሰቀልላት» ይላል፤ እኛም ስንሰቅል የሠራን ይመስለናል። እዚሁ አህጉር፣ የእኛኑ በሚመስሉ ዋርዶች ባይለካ ኖሮ ማን ይጠረጥር ነበር? የዚያ ዓይነት ጥናት መሠረቱ ደግሞ አንድ ሰው ሌሊት በእጁ የጻፈው ቁጥር ነው። ሳይቆጠር የተጻፈ 20 እዚያ ከገባ፣ ከላዩ ያለው ስሌት ሁሉ ይበላሻል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ሲስተር፣ 15 ሰከንድ ቆጥሬ በአራት ባባዛውስ?» አለችኝ። እስኪ አብረን እናስላው አልኳት። አምስት በአራት 20፣ ስድስት በአራት 24። 22 የሚባል ቁጥር በዚህ ስሌት አይወጣም። በአንዲት ትንፋሽ ከተሳሳትሽ ታማሚዋ ከመስመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ ትሆናለች።

ዝም ብላ ቻርቱን አየችው፤ 20 ጽፋ ነበር። ሰዓቷን ይዛ ወደ አልጋው ተመለሰች። አስታማሚዋም ወሬዋን አቁማ አብራ ደረቱን ማየት ጀመረች። ደቂቃዋ ስታልቅ ተማሪዋ ቀና ብላ «ሃያ ሰባት» አለችኝ።