«ይሄኛውስ የማነው?»

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ይሄን ክፍል ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ አጥፍቼዋለሁ፣ ሦስተኛው ነው።

እኔ አባቴ ቤት የገባሁት በ7 ዓመቴ ነው። እንጀራ እናቴ ክፉ አልነበረችም፤ አንድም ቀን ከልጆቿ ለይታ አላበላችኝም። ግን እንግዳ መጥቶ ቡና ሲጠጣ፣ እኛን አንድ በአንድ ሲያይ ሲያይ እኔ ጋ ይቆማል። «ይሄኛውስ የማነው?» አባቴ ያኔ ሲኒውን ነበር የሚያየው።

ኢጣሊያ፣ ቦሎኛ ከተማ ሄጄ ነበር። ከዋናው አደባባይ አጠገብ አንድ ትልቅ የጡብ ግንብ አለ፤ ፓላዞ ሬ ኤንዞ ይሉታል። የንጉሥ ኤንዞ ቤተ መንግሥት እንደማለት ነው። ነግሦበት የኖረ መሰለኝ። ለካ ታስሮበት ነው፤ ያውም ጥቂት ወራት ብቻ ለጎደሉት 23 ዓመት!

ኤንዞ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት የነበረው የዳግማዊ ፍሬድሪክ ልጅ ነው። ከጋብቻ ውጭ ነው የተወለደው። በእኛ አማርኛ ዲቃላ። ቃሉን አፌ ላይ ሳመጣው አሁንም ይከብደኛል፣ ግን ሌላ ስም ብሰጠው ማን ይታለላል?

ፍሬድሪክ ልጁን አልደበቀውም። በ1238፣ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ አዴላሲያ የምትባል የሰርዲኒያ ባላባት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አጋባውና የሰርዲኒያ ንጉሥ አስባለው። በዓመቱ ደግሞ ኢጣሊያ ውስጥ እንደራሴው አደረገው። ልጁ ደሴቱንም ሚስቱንም ትቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ትዳሩም ፈረሰ። ስለ አዴላሲያ ማንም ብዙ አይጨነቅም፣ እኔም ይኸው አልፌያት ልሄድ ነው።

ከዚያ በኋላ ጦርነት ነው። በ1240 የሮማው ጳጳስ ግሪጎርዮስ 9ኛ በፍሬድሪክ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤተኞቹ በ1241 በጄኖዋ መርከቦች ሲጓዙ ጂልዮ ደሴት አጠገብ ተያዙ፤ ካርዲናሎች ሳይቀሩ ተማረኩ። ኤንዞ ከማራኪዎቹ መሪዎች አንዱ ነበር። በግንቦት 1249 ደግሞ ተራው ደረሰ፤ ሞዴና አቅራቢያ፣ ፎሳልታ ላይ፣ ቦሎኛዎች እሱን ማረኩት።

አባት ልጄን መልሱ ብሎ በዛቻ ጻፈ። ከተማዋ፣ ትንሽ ውሻም ከርከሮ ይይዛል ብላ መለሰች ይባላል። የከተማዋን ቅጥር ዙሪያውን የሚከብብ ብር ልስጣችሁ አለ የሚል ተረትም አለ። ተረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን እዚያ ግንብ ሥር ቆሜ ሳስበው እንባዬ መጣ፤ ለኔ ያን ያህል ብር አያስፈልግም ነበር። «የኔ ነው» ማለት ይበቃ ነበር።

ፍሬድሪክ በ1250 ታኅሣሥ ላይ ሞተ። ልጁ እዚያው ቀረ። እስሩ የጨለማ ጉድጓድ አልነበረም፤ ቀን ቀን ሰው ይጠይቀው ነበር፣ ግጥምም ይጽፍ ነበር። በአንዱ ግጥሙ ዘፈኑን ራሱን መልእክተኛ አድርጎ ይልከዋል፦ ወደ ቶስካና ሂጂ፣ ወደ ፑልያ ሜዳም ሂጂ፣ ልቤ ሌትም ቀንም ያለው እዚያ ነው ይላል። በወይን በርሜል ተደብቆ ሊያመልጥ ሲል ጸጉሩ ወጥቶ አጋለጠው የሚል ወሬም አለ፤ እሱን አስጎብኚዎች ይወዱታል።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። ወንድሙ ማንፍሬድም አባትና እናቱ ሳይጋቡ ነው የተወለደው፤ እሱ ግን የሲሲሊን ዘውድ ደፋ፣ በ1266 ቤኔቬንቶ ላይ ተገደለ። ጋብቻ የወለደው የወንድማቸው ልጅ ኮንራዲን በ1268 ኔፕልስ አደባባይ አንገቱን ተቀላ፤ ገና 16 ዓመቱ ነበር። ያን ሁሉ መርዶ ኤንዞ እዚያ ክፍል ተቀምጦ ይሰማል። ከነሱ ሁሉ በኋላ የቆየው እሱ፣ በጠላት ቁልፍ ሥር ያለው።

በመጋቢት 1272 ሞተ፤ ሳን ዶሜኒኮ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ኑዛዜው ላይ ሦስት ሴት ልጆቹን ያነሣል። ከጋብቻ ውጭ የወለዳቸው ናቸው። ኤሌና፣ ማዳሌና፣ ኮስታንሳ፤ በየስማቸው፣ ልጆቼ ብሎ።

ይሄን ለአባቴ ልልክለት አስቤ ነበር። ግን እሱ ፖድካስት አያዳምጥም። ደውዬለት ስለ ዝናብ አወራን።